ሳትጠየቅ የታረቀች

እኔ አፌ እንጂ እግሬ ፈጣን አልነበረም። ሯጭ ማለት ጓደኛዬ ነበረች። ሐይቅ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን ኮሌጅ ስንማር፣ ጠዋት ጠዋት ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ለልምምድ እንወጣለን። ዳገቱ ላይ ጥላኝ ትሄድና ስደርስ ተቀምጣ ትስቅብኛለች። «ምነው፣ አህያ ጠፍቶሽ ስትፈልጊ ነው?» ትለኛለች።

በመጨረሻው ዓመታችን ኮሌጁ ለኮሌጆች ውድድር ወንዶቹን ብቻ እንደሚልክ ማስታወቂያ ለጠፈ። አውቶቡሱ አይበቃም ተባለ። ክለቦች ሯጭ የሚመርጡት ደግሞ እዚያ ነው። እሷ ካልተመረጠች ወንድሟ ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ ሊልካት ፓስፖርቷን አስወጥቶ ጨርሷል።

ደሜ ፈላ። የኮሌጁን ደንብ ፈልጌ አነበብሁት፤ ሴትና ወንድ በስፖርት እኩል ይሳተፋሉ ይላል፣ ቁልጭ አድርጎ። ቁጭ ብዬ አቤቱታ ጻፍሁ። እሷ ያን ቀን እናቷን ልታግዝ ገበያ ሄዳ ስለነበር፣ የአንዳችን ፊርማ ምን ያንሳል ብዬ ብቻዬን ፈርሜ አስገባሁ። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ለሰኞ ቀጠረን። ደስ ብሏት ልምምዱን በቀን ሁለቴ አደረገችው።

ቅዳሜ ውጫሌ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ ሽማግሌ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ ያለው የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ለካ የአባቴ አበልጅ ኖሯል። ቄሱም ሼኹም አሉ፤ ወሎ አይደል፣ ሲያስታርቁም አብረው ነው። «ልጃችን፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ። እርቅ ደም ያደርቃል» አሉኝ። ደንቡን ነገርኋቸው። በጥሞና ሰምተው «ልክ ነሽ» አሉ፣ ሁሉም። ከዚያ አባቴ ከመደቡ ተነሳና «ሽማግሌ ረግጠሽ እኔን የት ልታስገቢኝ ነው?» አለኝ። አዘጋጅተው ያመጡት፣ አቤቱታዬን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ላይ ፈረምሁ። ዱዓውም ምርቃቱም ወረደልኝ፣ እኔም አሜን አልሁ።

ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም። እሁድ ስመለስ እሷ ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች። መንገር አቃተኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ቀድማኝ ወጣች። ስደርስ ቢሮው በር ላይ ቆማለች። ጸሐፊዋ ነግራታለች፤ አመልካቿ ታርቃለች፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። አዲስ አቤቱታ እንዳናስገባ አውቶቡሱ ረቡዕ ይነሳል። አልጮኸችብኝም፣ አላለቀሰችም።

«እኔንስ ማን አስታረቀኝ?» አለችኝ።

በወሩ ወደ ጅዳ ሄደች። ያን ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ አንዱም ስለ እሷ አልጠየቀኝም። እኔም ስለ ደንቡ ያን ሁሉ ስለፈልፍ፣ አንዲት ልጅ አለች ብዬ አልነገርኋቸውም።