አንዲት ትርፍ ካርቦን ይዤ ናይሮቢ

ከቦሌ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ እቅፌ ላይ ደግሞ ግመል የሚያህል ሞለኪውል ነበር። ከሽቦና ከዶቃ የሠራሁት ነው፤ አንጎል የሚያጠቃ አንድ ፈንገስ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን ስኳር የተሸከመ ቅባት ያሳያል። ለላቦራቶሪያችን ገንዘብ የሚሰጠው፣ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ያለው ኮሚቴ፣ «ቅባቱ ከሰው ቅባት የሚለየው በኢምንት ነገር ነው፤ ሥራው ይዘጋ» ብሎ ጽፎልን ነበር። እኔ ደግሞ ይዘጋ ሲሉኝ በሩ ላይ የምተኛ ሰው ነኝ።

አውሮፕላኑ ላይ አስተናጋጇ፣ «ለእሱም ቀበቶ ልሰርለት?» አለችኝ።

መሃል ከተማ

ከአየር ማረፊያው መሃል ከተማ እስክደርስ በመንገዱ መጨናነቅ ጢሜ አደገ። ያረፍኩት የባለቤቴ እህት አልማዝ ጋ ነው። ምግብ ቤት አላት፤ በያይነቱ ላይ የኬንያን ጎመን፣ ሱኩማን ጨምራ አቀረበችልኝ። ለሦስት ሰው የሚሆነውን በልቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስወርድ ሞለኪውሉ ተወልውሎ ያበራል።

«አቧራውን ጠረግሁልህ» አለች አልማዝ። «ከጭራው ጎን ወጣ ያለች አንዲት ዶቃ ነበረች፤ አታምርም፣ ነቀልኳት። ሰው ፊት ልታቀርበው አይደል? አሁን ሳዋ ነው፣ ተስተካከለ።»

«አልማዝ! ገደልሽው!»

«ማንን?»

«ፈንገሱን!»

አስረዳኋት። ቅባቱ አናቱ ላይ ስኳር ተሸክሞ ሁለት ረጃጅም ጭራዎቹን ሽፋኑ ውስጥ ይሰድዳል። የእኛም ሴል ተመሳሳይ ቅባት አለው። ፈንገሱ ግን በአንደኛው ጭራ፣ ዘጠነኛው ካርቦን ላይ፣ አንዲት ትርፍ ካርቦን ወደ ጎን ይሰካል። እሷ ከሌለች ሽፋኑ ይዛባል፤ የፈንገሱ የማጥቃት ጉልበትም ይከዳዋል። የምንፈልገው ይህን መሰካት የሚከለክል መድኃኒት ነው።

«ታዲያ እኔ በነፃ ሠርቼልህ ምን ያስጮህሃል?» ብላ ዶቃዋን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ተቀብዬ ቦታዋ መልሼ ሰካኋት።

ጊጊሪ

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው የሞተ ያስነሳል። ሞለኪውሉን ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ ጊጊሪ ደረስኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ካርቦን ነው?»

«አዎ፤ ለአንዲት ካርቦን!» ዶቃዋን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። «ፈንገሱ ላይ አለች፣ እኛ ላይ የለችም። በሽተኛውን ሳንጎዳ ፈንገሱን የምንመታው እዚህ ጋ ነው። የባለቤቴ እህት ዛሬ ቁርስ ሳይቀርብ በጨርቅ ነቅላታለች። እኛ በመድኃኒት እንንቀላት ስንል ትከለክሉናላችሁ? ኢምንት ከሆነች መስኮቱ ክፍት ነው፤ ይወርውሯት። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

አልወረወሯትም። በጣታቸው ሲያንከባልሏት ቆዩና ጎንና ጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። «ለአንድ ዓመት ቀጥሉ» አሉ። «አሁን ግን ከወንበሩ ይነሱልን።» ዶቃዋን ተቀብዬ ቦታዋ ሰካኋትና ተነሳሁ።

ቦሌ

ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ነገር ሲገጥመኝ፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደተሰካ ነው። ቦሌ ላይ ፈታሹ ሞለኪውሉን አገላበጠና፣ «ይቺ ወደ ጎን የወጣችው ተበላሽታ ነው?» ብሎ ጣቱን ሰደደ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ከፈለግህ ሌላውን ሁሉ ፍታው። እሷን ግን እንዳትነካት!»