ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰማ ድምፅ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤቴል

ከቤት የወጣሁት ዕቃዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ታቅፌ ነው። መድረሻዬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነበር። እዚያ ባለ አዳራሽ የሰፈሩን ነባር ነጋዴዎች ታሪክ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፤ የድምፁ ሥራ የእኔ ነው። የታቀፍኩት ድምፅን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ አንድ ቦታ ብቻ የሚልክ ስፒከር ነው። ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ የቆመ ሰው ይሰማል፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያለ ግን ምንም አይሰማም።

አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀየርኩ። ጦር ኃይሎች ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። ከጎኔ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ እንዲህ የምትሳሳለት ምንድን ነው?" አሉኝ። ስነግራቸው ሳቁ። "በል ሐሜት ማውሪያ ነዋ!" እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አራት ሰዓት፣ አዳራሹ

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከወር በፊት ሐጂ ከድር የተባሉ አዛውንት የጨርቅ ነጋዴ ጋ ዘነበወርቅ ቤታቸው ሄጄ ድምፃቸውን ቀድቼ ነበር። ስለ ንግዳቸው አውርተው ሲጨርሱ ድምፃቸው እየተሰበረ ሌላ ነገር ነገሩኝ። የበኩር ልጃቸው ዘይነባ ስምንተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጥቶ "ይቺ ልጅ እንዳታቋርጥ" ብሎ ለምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን ሱቅ የሚቀመጥ ሰው ፈልገው ልጅቷን "ትምህርት ቤቱ አልቀበልም ብሎሻል" ብለው ዋሿት።

"ይህን እንዳታስገባው፣ አደራ" አሉኝ።

"እሺ ሐጂ" አልኩ።

አስገባሁት። ከቀዳሁት ሁሉ ልብ የሚነካው እሱ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይሰማው፣ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዘይነባ ደግሞ ሱቅ ስለምትውል አትመጣም ብዬ ነበር።

መጣች። ሃምሳ የተጠጋች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አባቷን ደግፋ አስገባችና ከስፒከሩ ሥር ወለሉ ላይ ያሰመርኩት ክብ ውስጥ ቆመች። ሐጂ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ፈገግ እንዳሉ ያዩዋታል። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መጨረሻውን እስክትሰማ አልተንቀሳቀሰችም።

"ምን ይላል? ደህና ተናገርኩ?" አሏት።

"ስለ ሱቁ ነው አባባ። ጥሩ ተናግረዋል።"

ሮጬ ድምፁን አጠፋሁት። ተከትላኝ መጣች።

"እንዳታስገባው ነግረውህ ነበር፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ እንደሰማሁ ልነግራቸው አልችልም። አንተው ንገራቸው። እኔ ሱቅ ሰው ይጠብቀኛል" ብላ ወጣች።

ሐጂን የድሮ ወዳጆቻቸው ከበው ያመሰግኗቸዋል። ወደ እሳቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በኋላ ጎረቤታቸው በመኪና ወደ ቤት ወሰዷቸው።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘነበወርቅ

ታክሲ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። "ልጄ፣ መጣህ?" ብለው ሊነሱልኝ ሲሉ ይበልጥ አፈርኩ።

"ሐጂ፣ አደራዎን በላሁ። ያንን ነገር አስገብቼዋለሁ። ዘይነባም ሰምታዋለች።"

የሚቆጥሩት መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ።

"እያወቀች ነው ጥሩ ተናግረዋል ያለችኝ?"

"አዎ።"

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። "ሳልሞት በራሴ አፍ ልነግራት ነበር። እሱን ነው የወሰድክብኝ።"

ቆይተው ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። ዘይነባ ወዳለችበት ሱቅ ሊሄዱ ነው።

"ላድርስዎት?" አልኩ።

"አይ። ካንተ ጋር አይደለም።"

ምሽት፣ ቤቴል

ባለቤቴ በሩን ስትከፍት "እንዴት ዋለ?" አለችኝ። ስፒከሩ ያለ እንከን ሠርቷል ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ነገሩን የሚሰማው ሰው ማነሱ ጥፋቴን የሚያሳንሰው መስሎኝ ነበር፤ የሰማችው ግን እንዲህ መስማት ያልነበረባት ዘይነባ ናት።

አባትና ልጅ በዚያ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ለመጠየቅም ፊት የለኝም።