ስለ ሽንት ቧንቧዬ የተሰጠ ማብራሪያ

ይህን የምጽፈው ብስክሌት ጎድቶታል እየተባለ በሰፈራችን በከዚራ የሚወራብኝን ለማስተባበል ነው። አልጎዳኝም። ስወድቅ የብስክሌቱ ብረት በእግሮቼ መካከል መታኝ፤ አንድ ቀንም ከሽንቴ ጋር ደም ወረደ። እውነቱ ይህ ብቻ ነው።

የሰፈሩን ሰው ያሳሰበው ግን ሽንቴ ሳይሆን ልጅ መውለድ መቻሌ ነበር። ቀለበት ያሰርኩላት ልጅ አባት፣ የሐዲድ ጥገና አለቃው፣ «ጤንነቱ ሳይረጋገጥ ሠርግ የለም» ብለው ላኩብኝ። ስለዚህ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ በራጅ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ ከፊት በኩል ወደ ቧንቧው ሲገፋ፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ቧንቧው ደኅና ሆኖ ተገኘ።

እሑድ የራጁን ፊልም ይዤ ከሽማግሌዬ ጋር ሄድኩ። ሽማግሌዬ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሶማሌ፣ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አባትየው ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጉት።

«ወላሂ፣ ይኼ የጅቡቲ መስመር ነው እንዴ? ኩርባው ራሱ!» አሉ ሽማግሌዬ።

አባትየው አልሣቁም። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አንድ ቦታ ቆሙ። «እዚህ ጋ ጠቧል።»

«ጥበቱ የተፈጥሮ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ቧንቧው ከፊኛ ወጥቶ ፕሮስቴት በሚባለው ዕጢ መካከል ያልፋል። ቀጥሎ ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ ያጠበዋል፤ ከዚያ ሰፍቶ ይታጠፋል። የወንድ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«የእኔም?»

«የእርስዎም።»

«የኔስ አቦ? እንዳትረሳኝ!» አሉ ሽማግሌዬ።

ቤቱ በሣቅ ተሞላ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባም የማውቀው ሣቅ ተሰማኝ። እናትየው ሻይ ቀዱልን። አባትየው ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «በሉ እንግዲህ፣ ቀኑን እንቁረጥ» አሉ።

እኔ ግን ትምህርትን ከግማሽ ማቋረጥ ነውር መስሎ ታየኝ።

«የሴት ከዚህ ይለያል» ስል ቀጠልኩ። «የወንዱ ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የሴቷ አራት ያህል ነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ። ሴቶች በሽንት ማቃጠል ቶሎ የሚታመሙትም ስለዚህ ነው። ለምሳሌ እትዬ…»

«ለምሳሌ ማን?» አሉ አባትየው።

እናትየው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ሽማግሌዬን ሻዩ ትን አላቸው።

«የሴቷንስ በየትኛው ራጅ አየኸው?» ሲሉ አባትየው ጠየቁኝ።

«በመጽሐፍ ነው፣ ጋሼ። ሥዕል አለው።»

«ሥዕል!»

«ግልጽ ሥዕል ነው» አልኩ፤ የሚያረጋጋቸው መስሎኝ።

ሽማግሌዬ ክንዴን ያዙ። «ተነሥ አቦ፣ ባቡሩ ሄዷል።»

ቀለበቱ በማግስቱ በሠራተኛ እጅ ተመለሰልኝ። ፊልሙ እዚያው ቀረ፤ ልጠይቅም አልደፈርኩም።

የጠፋው፦ አንድ ፊልም፣ አንዲት እጮኛ።