አትመርቃት!

በገበያ ቀን ከመካነ ሰላሙ ቪዲዮ ቤት፣ ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁሌ የሚያዩት አንድ ፊልም ነው፤ ልጁን ዓረብ አገር ስለላከ አባት። ልጅቷ ለምርቃት ስትንበረከክ ብድግ ይላሉ።

«አትመርቃት፣ አንተ ሰው! ካልመረቅሃት አትሄድም!»

«ሸህዬ ይቀመጡ፣ ቲቪውን ጋረዱን!»

ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ምኑ ነው የሚያስቀው? ከሳቂው መሀል ልጁን ወይ እህቱን ያልሸኘ ማን አለ?

ዛሬ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ «አባቴ፣ ፊልም እኮ አይለወጥም» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ምናልባት ዛሬ እጁን ባይዘረጋ ብዬ ነው።»

የፊልሙ አባት እጁን ዘረጋ፤ ቤቱም እንደ ልማዱ «አሚን» አለ። ድምጿ ከጠፋ ሦስት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን መርቀው የሸኙት ሽማግሌ፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ።