ጭራቅ የሚሆነው ሰውዬና ቀጥቃጩ ጎረቤቴ

በ1949 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ጎንደር ላይ ጣሊያን ትቶት በሄደው ሲኒማ ቤት በር ቆሜ ቲኬት እቀድ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ወር ብቻ ነው፤ እንደምናገረው እጽፋለሁ፣ ያልጣመው ይተወው።

የሚያስፈራ ፊልም ሲመጣ ቤቱ ጢም ይላል። የሚጫወተው ሁልጊዜ ያው አንድ ፈረንጅ ነው። አንዴ ከመቃብር ይነሳል፣ አንዴ ጠጉር አብቅሎ አውሬ ይሆናል። ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ታች የወረደ። በሩን ዘግቼ ከኋላ ቆሜ ስንት ዓመት አየሁት! መጀመሪያ ጎልማሳ ነበር፣ ኋላ ሸበተ፤ ጭራቅነቱን ግን አልተወም።

ከቤቴ ቁልቁል አንድ ቀጥቃጭ ነበር፣ ከቤተ እስራኤል ወገን። የብረት ፍንጣሪ መትቶት አንድ ዓይኑ ጨፈን ያለ፣ ሸጋ ሰው። የሰዉን ብረት ሠርቶ ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ ከዚያ ያነሳል፤ ልማዱ ነው፣ እነሱም እኛም አንነካካም። እኔ ግን ከልጅነቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጬ ስለማወራ፣ ማጭዴን ከእጁ ወደ እጄ ነበር የሚሰጠኝ።

አጨዳ ሊደርስ ሲል ቅዳሜ ገበያ ሰዎች ከበቡኝ።

«እስቲ ትናንት ያየኸውን አውጋን!»

«ምኑን ላውጋችሁ! ፈረንጅም ቡዳ አለው ለካ። አውሬ ሆኖ ሲዞር ያድራል።»

«መልኩስ?» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

«መልኩማ ያ የኛ ቀጥቃጭ! ዓይኑ ሳይቀር ቁርጥ እሱን።»

«በስመ አብ! አንተ አፍህ አያርፍም!» ብላ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ። ወሬዬ ስለሰመረ ደረቴን ነፋሁ።

በዚያው ሳምንት የጌሾ ሻጯ ልጅ ታመመ። ቀጥቃጩ በልቶት ነው ተባለ። ምስክሩ ማን ሆነ? እኔ! «ሲኒማ ቤት የሚሠራው ሰው በዓይኑ አይቶታል» ይሉ ጀመር። ልጁ ብዙ ሳይቆይ ተነስቶ ሮጠ፣ ወሬው ግን እዚያው ቀረ። የቀጥቃጩን ሚስት ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ። ማረሻ የሚያስሉትም በደጁ አልፈው ሩቅ መንደር ይሄዱ ጀመር። ሲጠይቁኝ «ጨዋታ ነው፣ እኔ ነኝ የቀባጠርኩ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቃሌን አላጥፍም የምል ግትር ነኝ፤ ቀባጣሪ ከምባል ዝም አልኩ። ወደ ቀጥቃጩም መሄዴን ተውኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊልሙን የሚያዞረው ሰውዬ የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዞ ጠራኝ።

«ና ጭራቅህን እይ!»

አየሁ። ያ ሰውዬ መነጽር አድርጎ፣ ውሻ አቅፎ፣ አበባ መካከል ተቀምጧል። አንብብልኝ አልኩት። የደሃ ልጅ ነው ይላል፣ ወደብ ላይ ጭነት ይሸከም ነበር። መጀመሪያ ጭራቅ ያደረጉት ፊቱ ላይ የሚለጠፈውን ሙጫ የሚችል ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲለጥፉበት ቆዳው ይላጥ ነበር። ኋላ «አባት ሆኜ ልጫወት፣ ቄስ ሆኜ ልጫወት» ቢል እንቢ አሉት፤ ሰው ይሸሻል ብለው። በሰፈሩ እንኳ ሴቶች ሲያዩት ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ።

«ምን አጠፋና?» አልኩ።

«ምንም። ሥራው ነዋ» አለኝ ፊልም አዟሪው፣ መጽሔቱን እያጠፈ።

በዚያ ምሽት የሚታየው የእሱ ፊልም ነበር። ቲኬቱን ቀድጄ ስጨርስ ውጭ ተቀመጥኩ፤ ገብቼ ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማጭዴን ይዤ ወደ ቀጥቃጩ ወረድኩ። ብቻውን ነበር።

«እንዴት አደሩ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋህ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ማጭዱን ሳለው። እኔም የመጣሁበትን ቃል አፌ ውስጥ አገላብጣለሁ። ሲጨርስ እጄን ዘረጋሁ። በዚያች ጨፈን ባለች ዓይኑ እጄን አየና ማጭዱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ሌላ ብረት አለህ?»

«የለኝም አያ» አልኩ። ማጭዱን ከድንጋዩ አንስቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ።