ከበረራ ታግዷል

ማስጠንቀቂያ ቢበዛ አይጎዳም ይባላል። ይጎዳል። እኔን ሰቆጣ ታስሬ ሳለሁ ሁለት ቀን ፀሐይ አሳጥቶኛል።

በጻፍኩት ጽሑፍ ተይዤ የገባሁባት ክፍል የቀድሞ የእህል መጋዘን ናት፤ አቧራዋ አሁንም ያስነጥሳል። ከሰባታችን አንዱ የአየር ኃይል ቴክኒሻን የነበረ ሰው ነው። ሥራው የጦር አውሮፕላን እየበረረ የሞተሩን ንዝረትና ሙቀት የሚከታተል መሣሪያ መግጠም ነበር። ጥቅሙን ሲያስረዳ አይደክመውም፤ ዕቃው ሰማይ ላይ ከመሰበሩ በፊት መሬት ላይ ይቀየራል። ጉዳቱንም አይደብቅም፤ መሣሪያው ራሱ ይታመምና ይቀባዥራል፣ ደህናው አውሮፕላን ሳምንት ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ አዛዡም ይሳደባል።

እዚህ አውሮፕላን ስላጣ እኛን መከታተል ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ጀርባችን ላይ ለጥፎ ያዳምጥና ውጤቱን ግድግዳው ላይ በከሰል ይጽፋል። በእኔ ስም ፊት «ከበረራ ታግዷል» ብሎ ጻፈ። የትም ስለማልሄድ አልተከራከርኩም። ግን የእኔን ልብ «ትዘላለች» እያለ ሁለት ጊዜ በር ደበደበ። ሁለቴም የእስር ቤቱ ነርስ መጥታ ደህና ነው አለች፤ ሁለቴም ዘበኛው ሁላችንንም የዕለቱን የፀሐይ መሞቂያ ሰዓት ከለከለን። ለሦስተኛ ጊዜ በከንቱ በር ከተደበደበ ሳምንት ሙሉ እንደሚከለክለን ነገረን። የሰቆጣን ብርድ የሚያውቅ ቅጣቱን ያውቃል።

አንድ ጠዋት ጆሮውን አብረውን በታሰሩ፣ አበርገሌ ውስጥ ፍየል ሲያረቡ በኖሩ ሽማግሌ ጀርባ ላይ አቆየ፣ አቆየና «አባባ፣ የቀኝ ሳንባዎ ድምፅ ተለውጧል» አላቸው።

ማንም አላመነውም። እኔማ መጀመሪያ መሣሪያው ይጠገን አልኩ። ሽማግሌው የቆላ ሰው ናቸው፤ ከሁላችንም ፀሐዩን አብልጠው የሚሹት እሳቸው ነበሩ።

«ተወው ልጄ፣ በእኔ ሳል ሰው አይብረደው» አሉት።

ይህችን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠራቸው። ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ። ዘበኛው «ደግሞ ማን ነው?» ሲል «እኔ ነኝ። ፀሐዩን ውሰድ፣ ነርሷን አምጣ» አልኩት።

የሳንባ ምች ነበር። ቅጣቱን ዘበኛው ረሳው፤ ወይም ረሳሁት አለ። ሽማግሌው ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ተኝተው ሲመለሱ ቴክኒሻኑን አዞሩት፣ እንደ ፍየል ጎኑን ዳበሱት፣ ጀርባውን አዳመጡት።

«ጆሮህ ደህና ነው፤ ወሬህ ነው የበዛው» አሉት።

ከተፈታሁ በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ የመኪናዬ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ፕላስተር ለጠፍኩበትና አራት ቀን ነዳሁ። በአምስተኛው የሽማግሌው ትንፋሽ ትዝ አለኝና ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው መብራቱ ነው አሉኝ። ግማሽ ቀኔ በከንቱ ሄደ፤ አልቆጨኝም።

አንተም የለጠፍከውን ፕላስተር አንሳ።