አሥራ አራት አያት በአንድ ኪውአር ኮድ

ኡርጌን አምቦ ባለው ማተሚያ ቤቴ ስቀጥራት ኮምፒውተር ከማብራት ያለፈ ብዙ አታውቅም ነበር። ግን አንዴ «ለምን?» ብላ የያዘችውን ነገር አትለቅም። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም። ስድስት ዓመት እንዴት አብረን እንደቆየን እንጃ።

ባለፈው ጥር ኦቦ ዱጋሳ የልጅ ልጃቸውን የሶረቲን የሠርግ ጥሪ ሊያሳትሙ ከጉደር መጡ። ሌላው ሰው በጥሪው ጀርባ የአዳራሹን አቅጣጫ በኪውአር ኮድ ያስገባል። እሳቸው የፈለጉት አሥራ አራት አያቶቻቸውን ከነመንደራቸው ነው። ሽማግሌ በተሰበሰበበት ዘር የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን መርሳት ጀምረዋል።

«አምና፣ ገና ሳይጠፋብኝ ሶረቲ የጻፈችው ነው» ብለው ወረቀት ሰጡን። «ስልክ ያለው ሁሉ ይያዝልኝ። እኔ ጋ አይቆይም።»

ኡርጌ ስሞቹን አስገባች። ኮዱን የሚሠራው ፕሮግራም «የምስሉ መጠን ልክ አይደለም» ብሎ እምቢ አለ። ሌላም ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ጣቴን ወረቀቱ መሃል ላይ፣ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ስም አሳረፍኩና «እነዚህን ሦስቱን ቀንሺና ገላግይን» አልኳት።

ኦቦ ዱጋሳ ቀና ብለው አዩኝ። «ላንቺ ስል የትኛውን አያቴን ልጣል?»

አፈርኩ። ማፈሬን ለመሸፈን የምስሉን ስፋት ከዘጠና ፒክስል ወደ መቶ ከፍ አድርጌ፣ የወጣውን ምስል በማውስ ጎትቼ አሳደግኩት። ታተመ፤ ግን ስልኬ ቢያየው ቢያየው አላነበበውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኡርጌ ምስሉን ስክሪኑ ላይ አጉልታ ነጥቦቹን በእስክርቢቶ ጫፍ መቁጠር ጀመረች። ልቤ ፈላ።

«አዴ ዶርቃስ» አለችኝ ቆይታ፣ «አንዱ ረድፍ ሰማንያ አምስት ነጥብ ነው። በግራና በቀኝ አራት አራት ባዶ ሲተው ዘጠና ሦስት። እኛ ዘጠና ፒክስል ነው የሰጠነው፤ ለስልክ ቁጥር ኮድ የምንጠቀምበትን።»

«መቶ ስለውስ ወጥቶ የለ?»

«ወጣ፣ ግን በጣም ደቃቅ ሆኖ። እርስዎ ሲለጥጡት ደበዘዘ። ከመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት አራት ፒክስል እንስጠው።»

ዘጠና ሦስትን በአራት አባዝታ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት አስገባች። ለጌጥ ብዬ ያስገባሁትን፣ ባዶው ጠርዝ ላይ ያረፈውን አበባዬን ሳይቀር አነሳችብኝ። አትማ ስልኩን ስታስጠጋው ወዲያው አነበበ።

«ቆይ፣ ልክ መሆኑን ልይ» አሉ ኦቦ ዱጋሳ። ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠር ጀመሩ፤ ኡርጌ በስልኩ ትከተላለች። ስምንት ቆጠሩና ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም።

«ጋዲሳ» አለች ኡርጌ ቀስ ብላ። «የጌዶው።»

«እሱ ነው» አሉና እስከ አሥራ አራተኛው ወረዱ።

ዘጠነኛው ነበር። ቀንሺው ያልኳት።